ሳያልፍ የናፈቅነው

ስለ ጋሞ ምድር ትዝታ ሲጻፍ ከሁሉ ቀድሞ ብዕር ላይ የሚመጣ አንድ ቅጽል አለ፤ «ባህላዊ» የሚለው። ጨንቻ በጉም ተሸፍና ስትታወስ፣ የዶርዜ የቀርከሃ ቤት ሲነሣ፣ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልስ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው አደባባይ ሲወጡ፣ ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር ሲቀርብ፣ ሁሉም በዚህ አንድ ቃል ይጠቀለላል። በአርባ ምንጭ ከሲቀላ እስከ ሼቻ ቃሉ ከሆቴሉ፣ ከልብስ መሸጫውና ከምግብ ቤቱ ማስታወቂያ አይጠፋም፤ ለውጭ አገር እንግዳ ሲጻፍ ደግሞ በእንግሊዝኛው «ትራዲሽናል» ይባላል። ቃሉ በፍቅርና በኩራት የሚነገር ስለሆነ ጉዳት አለው ብሎ የሚጠረጥረው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ጉዳት አለው እላለሁ። ይህ ቅጽል ሰው ለሰው ያስረከበውን ነገር መግለጽ ሲገባው የአለፈ ዘመን ዕቃ መጠሪያ ሆኗል። በዚህ የተነሣ በሕይወት ያለውን ነገር እንደ ሞተ እናስታውሰዋለን፤ እንደ ሞተ ስለምናስታውሰውም በሕይወት ለመቆየት የሚያስፈልገውን ሳናደርግለት እንቀራለን። ትዝታ ላለፈው ነገር የሚሰጥ ክብር ነው። ገና አብሮን ላለ ሰው ትዝታ መስጠት ግን በቁሙ መርሳት ነው።

የእንግሊዝኛው ቅጽል ሥሩ ላቲን ሲሆን አንድን ነገር ከእጅ ወደ እጅ ማሳለፍን፣ ማስረከብን ያመለክታል። በእንግሊዝኛ ክህደት የሚል ፍች ያለው ሌላ ቃልም ከዚያው ሥር ወጥቷል፤ አደራን ለተረካቢ መስጠትና አደራን ለጠላት አሳልፎ መስጠት በላቲኑ በአንድ ግስ ይነገሩ ነበርና። የእኛው «ባህል» የመጣው ደግሞ «አለ፣ ተናገረ» ከሚለው ከግዕዙ «ብህለ» ነው፤ መነሻው የተባለው፣ ሲነገር የመጣው ነገር ነው። በላቲኑም ሆነ በግዕዙ ሥር ውስጥ «አሮጌ» የሚል ሐሳብ የለም። ያለው ሰጪና ተቀባይ፣ ተናጋሪና ሰሚ ነው። ጋሞዎች «ዎጋ» የሚሉት ነገርም ልማድን፣ ሕግንና ሥርዓትን በአንድነት የያዘ ነው፤ ሰዎች ዛሬ የሚተዳደሩበትና የሚከራከሩበት ጉዳይ ስለሆነ ዕድሜው ብቻ አይገልጸውም። ቃላት በሥራቸው ብቻ እንደማይፈቱ፣ ሕዝብ በተጠቀመባቸው መንገድ እንደሚኖሩ አልክድም። ነገር ግን ቅጽሉ ከማስረከብ ወደ ማርጀት የተሸጋገረው በራሱ ጊዜ ሳይሆን ተገፍቶ ነው፤ የተገፋበትንም ዘመን ማወቅ ይቻላል።

ዘመኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ዳንኤል ለርነር የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ስለ መካከለኛው ምሥራቅ በጻፈው መጽሐፍ ርእስ ላይ «ትራዲሽናል» ኅብረተሰብ እያለፈ መሆኑን ዐወጀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ዋልት ሮስቶው የኢኮኖሚ እድገትን በአምስት ደረጃ ከፍሎ የመጀመሪያውንና የታችኛውን ደረጃ በዚሁ ቅጽል ጠራው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ሕዝቦች ወጥተው የሚሄዱበት የታች ክፍል ስም ሆነ። ኢትዮጵያም ከዚህ ንፋስ ውጭ አልነበረችም። በዚያው ዓመት፣ በ1952 ዓ.ም፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ፤ በአንቀጽ 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን ደንብ፣ የተጻፈም ይሁን የልማድ፣ ሻረው። የልማድ ሕግ ከእንግዲህ የነበረ እንጂ ያለ አይደለም ተባለ። ጥቂት ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከደጋዋ ጨንቻ ወርዶ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ለተቆረቆረችው ለአዲሷ አርባ ምንጭ ተሰጠ። መሥሪያ ቤቱ፣ ፋብሪካውና የአውሮፕላን ማረፊያው ታች ሆኑ፤ በ1979 ዓ.ም የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተው የዛሬው ዩኒቨርሲቲም እዚያው ተተከለ። ታች ያለው «ዘመናዊ» ሲባል ደጋው ሳያስበው «ባህላዊ» ሆነ።

የዚህ ክፍፍል ስሕተት መሬቱ ላይ ይታያል። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። መንገዱ ሽቅብና ጠመዝማዛ ስለሆነ፣ አየሩም ከቆላ ሙቀት ወደ ደጋ ብርድ ስለሚለወጥ፣ የወጣው ሰው ወደ ሌላ ዘመን የተሻገረ ይመስለዋል። የተሻገረው ግን ከፍታን እንጂ ዘመንን አይደለም። ለከተማዋ ስም የሰጧትና የሚጠጣ ውኃዋን የሚያቀርቡላት ምንጮች የሚፈልቁት ከደጋው ተዳፋት ግርጌ ነው። ድንቹና ፖሙ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሙዙና በቆሎው ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የደጋው ልጅ ታች ይማራል፣ የታቹ ሠራተኛ ለመስቀል ላይ ይወጣል። እነዚህ ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ገበያ፣ በአንድ የዋጋ ንረት ውስጥ ይኖራሉ። አንደኛውን የዛሬ፣ ሌላውን የትናንት ሰው የሚያደርግ ልዩነት በመካከላቸው የለም። ትዝታ ጸሐፊው ደጋውን «ዱሮ እንዳለ የቀረ» ብሎ ሲያሞግስ ባላሰበው መንገድ እነዚህን ሰዎች ከዘመናቸው ያስወጣቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ ባህላዊ የሚባለውን ሽመናን እንውሰድ። ሽመና በጋሞ ደጋ የቆየ ሙያ ነው፤ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ጥጡን ባዝታ በእንዝርት ትፈትላለች። ነገር ግን ዛሬ የምናውቀው የሽመና ኑሮ የተሠራው በለውጥ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ተቆርቁራ ጋሞም በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ፣ ነጠላና ጋቢ የሚፈልግ ትልቅ የከተማ ገበያ ተከፈተ። መሬት የጠበባቸው ደገኞች ወደ መዲናዋ ወጥተው ጉለሌና ሽሮ ሜዳ ሰፈሩ፤ በእነዚህ ሰፈሮች የኢትዮጵያ የአደባባይ አለባበስ መልክ ያዘ። የፋብሪካ ክር ሲመጣ ሸማኔው አልሸሸውም፤ ጠንካራውን የፋብሪካ ክር ለድሩ አዋለው፣ የእጅ ፈትሉን ለማጉ አስቀረው። በዚህ ስምምነት ጨርቁ ጥንካሬ አገኘ፣ የፈታይዋም ሥራ ሳይጠፋ ቆየ። ጥለቱ ሠርጉን፣ የከተማውን ምርጫና የዓመቱን ፋሽን እየተከተለ ተለዋወጠ፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ያለው የጋሞ ዱንጉዛ ከሱሪነት አልፎ ኮት፣ ክራባትና ቦርሳ ሆነ። ይህን ሁሉ ያሰበው፣ የሞከረው፣ አደጋውንም የተሸከመው ሸማኔው ነው። ምርቱ ላይ «ባህላዊ» የሚል ጽሑፍ ስንለጥፍ ግን ይህ ሁሉ ብልሃት ከእጁ ይወሰድና ስም ለሌለው ጥንት ይሰጣል። ሸማኔው የፈጠረውን እንደ ወረሰው ብቻ ይቆጠርለታል፤ የወረሰ ሰው ደግሞ የሐሳቡን ዋጋ አይጠይቅም።

ከማዕድ የሚገኘው ማስረጃም ከዚህ የተለየ አይደለም። እንሰት በዓለም ሁሉ ለምግብነት የለማው በኢትዮጵያ ነው፤ ቆጮ የዚህ ምድር የራሱ ግኝት መሆኑ አያከራክርም። ከቆጮው ጎን የሚቀርበው ዳጣ ግን የሚሠራበት ቃሪያ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ኮሎምበስ ባሕሩን ሳያቋርጥ ቃሪያ በአፍሪካ አልነበረም። በቆሎና ድንችም የመጡት ከዚያው ነው፤ ዛሬ ያለ እነርሱ የጋሞን ገበሬ ጓሮ ማሰብ አይቻልም። ፖም ደግሞ ከሁሉም የቅርብ እንግዳ ነው፤ ሚሲዮናውያን ወደ ጨንቻ ካመጡት አንድ መቶ ዓመት አልሞላውም፤ ሆኖም የጨንቻ ስም ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ፍሬ ሆኗል። ታዲያ ከእነዚህ ውስጥ ባህላዊው የቱ ነው? በዕድሜ ከለካን መስመሩን የት እንደምናሰምር ማንም አይነግረንም። በማስረከብ ከለካን ግን መልሱ ግልጽ ይሆናል፤ እናት ለልጇ ያሳየችው፣ ጎረቤት ለጎረቤት ችግኝና አገራረዝ ያካፈለው፣ ተቀባዩም የራሱን ጨምሮበት ለሌላ ያሳለፈው ሁሉ ባህል ነው። ፖሙም በዚህ መንገድ ወደ ባህልነት በመግባት ላይ ነው።

ጠንካራው ማስረጃ የሚገኘው ግን በአስተዳደሩ ውስጥ ነው። የጋሞ ደጋ ብዙ «ደሬ» የተባሉ ማኅበረሰቦችን ይዟል፤ ጉዳያቸው የሚታየው «ዱቡሻ» በሚባለው አደባባይ በሚሰበሰበው ጉባኤ ነው። በሥርዓቱ ውስጥ መሥዋዕት የሚያቀርቡ አባቶችና በትውልድ የሚወርድ የ«ካዎ» ክብር አለ፤ ከእነርሱ ጎን ደግሞ ማኅበረሰቡ መርጦ፣ ደግሶና ቅቤ ቀብቶ የሚሾመው «ሃላቃ» አለ። ዲና ፍሪማን የተባለች የሥነ ሰብ ተመራማሪ በዚሁ ደጋ በሚገኘው በዶቆ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ አንድ ቁም ነገር አሳይታለች፤ በአንድ ማኅበረሰብ፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት የውጭ ግፊት ሥር ሆነው የመሥዋዕቱ ሥርዓት ብዙም ሳይለወጥ ሲቆይ የሹመቱ ሥርዓት እጅግ ተለውጧል። ምክንያቱ ለውጡ የሚያልፍበት መንገድ ነው። በመሥዋዕቱ በኩል ከሥርዓት ያፈነገጠ ሰው መከራ ሲደርስበት «ጎሜ» አገኘው ይባላል፤ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በሹመቱ በኩል የሚነሣው ቅሬታ ግን ለጉባኤ ይቀርባል፤ ሰዎቹ ይከራከራሉ፣ ትንሽ ማሻሻያ ይስማማሉ፣ ትንንሾቹም ማሻሻያዎች ተደማምረው ሥርዓቱን ይለውጡታል። ይህን የሰማ ሰው ባህል በራሱ ቆሞ የሚጠብቀን ነገር ነው ሊል አይችልም። ሁለቱም ሥርዓቶች ባህል ናቸው፤ አንዱን ያቆየው፣ ሌላውን የለወጠው የሕያዋን ሰዎች ውሳኔ ነው።

የዚህ ጉባኤ ሕይወት በመስከረም 2011 ዓ.ም ለመላው አገር ታየ። በአዲስ አበባ አቅራቢያ በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች ተገድለውና ተፈናቅለው ሳለ አርባ ምንጭ በቁጣ ነደደች፤ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ሣሩን አክብረው ተመለሱ። አገሩ በሙሉ አደነቀ፤ በአድናቆቱ ውስጥ ግን «የጥንት ባህል ዛሬም አለ» የሚል መደነቅ ነበረበት። ለእኔ መደነቂያው ሌላ ነው። ሣር በራሱ ቁጣ አያቆምም። ያቆመው በዚያ ቀን ሁለት ወገኖች ስለተስማሙ ነው፤ ሽማግሌው በሞት መካከል ለመንበርከክ ደፈረ፣ ወጣቱም ያን ምልክት የማንበብ ትምህርት ቀድሞ ተሰጥቶት ነበር። ያስተማረው አለ፤ በቤት፣ በሠፈር ዕርቅ፣ በዱቡሻ ዳር ቆሞ ሲያይ ተምሯል። ከዚያ ትውልድ በፊት የነበረው ማስረከብ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎቹ ይዘውት የሚወጡት ሣር ሣር ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ በዚያ ቀን ያየነው የዛሬ ሰዎችን የዛሬ ችሎታ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 78 ለባህል ፍርድ ቤቶች እውቅና መስጠት እንደሚቻል ሲደነግግ የ1952ቱ ሕግ የዘጋውን በር በከፊል ከፍቷል፤ በበሩ የሚገባው ግን የተማረ ተተኪ ካለ ብቻ ነው።

ይህን ክርክር የሚቃወም ሰው በመጀመሪያ እንዲህ ሊል ይችላል፤ ሁሉም ነገር የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ቃሪያውም ፖሙም የፋብሪካው ክርም ከገቡበት፣ «ባህላዊ» የሚለው ቃል ምንም አይናገርም፤ ከእውነተኛው ይልቅ የተፈበረከውን እንድናወድስ በር ይከፍታል። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ኤሪክ ሆብስባውምና ቴሬንስ ሬንጀር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ ጥንታዊ የሚመስሉ ብዙ ሥርዓቶች በቅርብ ጊዜ የተፈጠሩ መሆናቸውን፣ የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች ቀሚስ ሳይቀር የዚህ ታሪክ ተካፋይ መሆኑን አሳይተዋል። ሆኖም ይህ ማስረጃ የሚያፈርሰው በዕድሜ የሚመካውን ሰው ነው። አንድ ሥርዓት «ሺህ ዓመት ኖሯል» በሚል ብቻ ከቆመ፣ ሃምሳ ዓመት ብቻ ሆኖ ሲገኝ ይወድቃል። በማስረከብ የቆመው ግን አይወድቅም፤ ጥያቄው ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ ተቀባዩስ የመጠየቅና የማሻሻል መብት ነበረው ወይ የሚል ይሆናልና። ለበዓል መድረክ ብቻ ታዝዞ የተሰፋ ልብስና ቤተሰብ ከቤተሰብ ተቀባብሎ ያሻሻለው ጥለት በዚህ መለኪያ ይለያያሉ፤ በዕድሜ መለኪያ ግን አንዱ በሌላው ስም ሊሸጥ ይችላል። ቃሉ እንዲህ ሲታረም ይበልጥ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነትም ቅርሱ ከትውልድ ትውልድ ሲተላለፍ ማኅበረሰቡ ሁልጊዜ እንደ አዲስ የሚፈጥረው መሆኑን ይገልጻል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ልብ የሚነካው ነው። ባህል ግፍንም ያስረክባል፤ ታዲያ ያለፈ ነገር ተብሎ ቢቀበር ምን አለበት? በጋሞም ይህ እውነት ነው። በብዙ ማኅበረሰቦች ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች በዘራቸው ተለይተው፣ ከጋብቻ ተገልለው፣ በዱቡሻው ድምፅ ተነፍገው ኖረዋል፤ ጉባኤው የተከበረ ቢሆንም ለእነርሱ ጉባኤ አልነበረም። የ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት እንዲደርሰው ሲደነግግ ከውጭ የመጣ ሕግ ከውስጥ ያልመጣውን ፍትሕ ቢያንስ በወረቀት አምጥቷል። ይህን መካድ ለባህል ማድላት ሳይሆን ለእውነት መታወር ነው። ነገር ግን «ባህላዊ» ማለት ያለፈ ማለት ከሆነ፣ ይህም መገለል ያለፈ ነው ብለን ዝም እንላለን፤ ሰዎቹ ግን ዛሬም በመካከላችን አሉ፣ መገለሉም በብዙ ቦታ ጥላው አልተነሣም። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ሸክላው ባህላዊ ተብሎ በጎብኚ እጅ ሲከበር ሸክላ ሠሪዋ ያንን ክብር አለማግኘቷ ነው። ባህልን ማስረከብ ብለን ስንተረጉመው ግን ተጠያቂ እናገኛለን። እያንዳንዱ ትውልድ የተሰጠውን መርምሮ ከሚያሳልፈው ውስጥ መገለልን የማውጣት ግዴታ ይወድቅበታል። «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» የሚለው የመንግሥትና የድርጅቶች አነጋገርም በዚህ ቢታረም መልካም ነው፤ ጉዳቱን የሚሠራው ልማድ የሚባል መንፈስ ሳይሆን ድርጊቱን መርጦ የሚፈጽም ሰው ነውና።

ሰዎች በልማድ የሚመሩት ሳያስቡ ስለሆነ ይህ ግዴታ ከአቅማቸው በላይ ነው የሚል ሦስተኛ ወገንም አለ። ለዚህ የምሰጠው መልስ ከዶርዜ ነው። ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር በዶርዜ ተቀምጦ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ የሚከተለውን ጽፏል፤ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን እንስሳ ነው፣ የቤተ ክርስቲያንን ጾም ይጠብቃል ይላሉ፤ ሆኖም ረቡዕና ዓርብ ከብታቸውን ከነብር መጠበቅ ለአንድ ቀንም አይዘነጉም። ስፐርበር ከዚህ የተነሣው ስለ ምልክትና ስለ እምነት ትልቅ የፍልስፍና ጥያቄ ለማንሣት ነበር። ለእኔ ክርክር ግን የሚበቃኝ ነገር ቀላል ነው። የአባቱን ቃል በአክብሮት የሚደግመው ሰው በዚያው ቀን ዓይኑን ገልጦ በረቱን ይጠብቃል። የተቀበለውን ቃል ከምን ላይ እንደሚያውለውና ከምን ላይ እንደማያውለው ያውቃል። ማሰብ ለከተማ፣ ልማድ ለገጠር ተከፋፍሎ አልተሰጠም።

አራተኛው ተቃውሞ የእንጀራ ነው። ቅጽሉ ገበያ አለው፤ ጎብኚ የሚመጣው፣ ነጠላው የሚሸጠው፣ የዶርዜው የቀርከሃ ቤት ለእንግዳ የሚከራየው ባህላዊ ስለተባለ ነው፤ ቃሉን ብታነሡት ሰው ይራባል ይላል። የሰውን እንጀራ የሚነካ ክርክር ከባድ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቃሉ ይነሣ አላልኩም፣ አልልምም። የምጠይቀው ገበያው ለማን እንደሚከፍል ነው። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት ለሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ እየተወሰዱ ከትምህርት ተነጥለው ረጅም ሰዓት እንደሚሠሩ ለዓመታት በተደጋጋሚ የተነገረ ጉዳይ ነው። ገዢው «ባህላዊ ልብስ» ሲል አያትና ምድጃ ይታዩታል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ አይታየውም። የፋብሪካ ልብስ ስንገዛ ስለ ሠራተኛው ደመወዝና የሥራ ሰዓት የምንጠይቅ ሰዎች የእጅ ልብስ ስንገዛ የማንጠይቀው ቅጽሉ ሥራውን ከሥራነት ስላወጣው ነው። ትዝታ ደመወዝ አይከፈለውም፤ ሥራ ግን ይከፈለዋል። በተመሳሳይ የቀርከሃው ቤት ጥቂት ጎብኚዎችን ለማሳደር ቢቆምም፣ ቀርከሃው ካልተተከለ፣ የሚሠራው ባለሙያ ተማሪ ካላገኘ፣ ነዋሪው ወደ ቆርቆሮ የሄደበት ምክንያት ካልተጠና፣ የሚተርፈው ፎቶግራፉ ነው። ያን ቤት ከፍ አድርጎ ማቆም፣ ምስጥ ግርጌውን ሲበላው ደግሞ አሳጥሮ ማኖር እውቀት ነው፤ ከቦታ ቦታ አንሥቶ መትከልም እንዲሁ። እውቀት ካልተማሩት ይጠፋል፤ በማድነቅ ብቻ አይድንም።

እነዚህን ተቃውሞዎች ይዤ ወደ ትዝታ ስመለስ፣ የትዝታ ጽሑፍን ራሱን የምጠላ እንዳይመስል እፈራለሁ። አልጠላውም። የጨንቻ የዋና ከተማነት ዘመን አልፏል፤ ያን ማስታወስ ተገቢ ነው። የድሮዎቹ ነጋዴዎች በእግር የሚያቋርጡት መንገድ፣ ሽማግሌዎች ብቻ የሚያውቋቸው የቦታ ስሞች፣ ቀድሞ የተከበሩ፣ ኋላ የተቆረጡ ዛፎች፣ እነዚህ በትዝታ ካልተጻፉ ሁለተኛ ይሞታሉ። የምቃወመው አንድ ነገር ነው፤ ያለፈውንና ያላለፈውን በአንድ ቃል መጠቅለልን። ያለፈው እንባ ይገባዋል። ያላለፈው ግን በጀት፣ ተማሪ፣ ገበያና ሕግ ይፈልጋል። ለሁለተኛው እንባውን ከሰጠነው ድርሻውን ከለከልነው ማለት ነው፤ ሐዘናችንም ሰውዬው ሳይሞት የተበላ ተስካር ይሆናል። ብዙ የትዝታ ጽሑፎች ጸጸታቸው ልባዊ ሆኖ ፍሬ የማያፈሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ አንባቢው የሚተክዝበትን ያገኛል፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አያገኝም።

ስለዚህ ቅጽሉን ከመጣል ይልቅ ሥራ እናሠራው። አንድ ነገር ባህላዊ ነው ባልን ቁጥር ማን እንዳስረከበው፣ አሁን ማን በእጁ እንደያዘውና ከእርሱ በኋላ ማን እየተማረው እንዳለ አብረን እንናገር። ጸሐፊው ስለ ሽመና ሲጽፍ የሸማኔውን ስም፣ የፈታይዋን ድካም፣ የክሩን ዋጋ ይጻፍ። ሻጩ ጥለቱን ማን እንዳሰበው ይንገር። ዩኒቨርሲቲው የዱቡሻን ሕግ ሲያጠና ሽማግሌዎችን መረጃ ሰጪ ብቻ አያድርጋቸው፤ የሕግ ተማሪዎቹን እግራቸው ሥር አስቀምጦ ያስተምርባቸው፤ ሸክላ ሠሪዋም በዚያ ጉባኤ ላይ መቀመጫ እንዲኖራት ይጠይቅ። የመስቀል በዓል ሲደርስ ከአዲስ አበባ ወደ ደጋው የሚጎርፈው ሕዝብ «ዮ ማስቃላ» ሲል የሚያከብረው ትናንትን ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የቆጠበው፣ በሬውን በጋራ የገዛው፣ ልጁን ይዞ የወጣው ለሚመጣው ዓመትም ነው። ሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ካገኙ ነገሩ በሕይወት አለ፤ ትዝታ ሳይሆን ድጋፍ ይገባዋል። ሦስተኛው ጥያቄ ብቻ መልስ ካጣ አደጋው ቀርቧል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ያኔ ነው። ሦስቱም መልስ ካጡ ብቻ ብዕራችንን ለትዝታ እናንሣ፤ ያኔም ያስረካቢውን ስም ጽፈን፣ ተረካቢው ለምን እንደጠፋ ሳንሸሽግ እንናገር።